የኡስቲንያ የጥድ ቅርንጫፎች

ኡስቲንያ ባደገችበት በሩስያ፣ በኦኔጋ ሐይቅ ዳር፣ በብርዱ ወራት መንገዱ በረዶ የሆነው ሐይቅ ራሱ ነው። ወንዙ በሚገባበት በኩል ግን በረዶው ስስ ነውና ሰው ይውጣል። ስለዚህ ደህናውን መሻገሪያ የሚያውቅ የጥድ ቅርንጫፍ እየተከለ ያመለክታል። ለለመነ ሁሉ ይተክላል፤ ለጠላትም ቢሆን እምቢ ማለት ነውር ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ፊንላንዶች በሐይቁ ዳር ያለችውን ከተማዋን ይዘው ሳለ፣ ሩስያዊውን ሻምበል ሮድዮንን ከነወታደሮቹ በዚያ በረዶ ላይ አሻግራ ያወጣችው እሷ ነበረች። "እህቴ ነሽ፤ እስክሞት አልረሳሽም" ብሎ እጇን ስሞ ነበር።

ከተማዋ ነጻ ስትወጣ "ከጠላት ጋር ለምን ቀረሽ?" ተብላ በገዛ ወገኖቿ ተያዘች። እሷም ደረቷን ነፍታ "ሻምበሉን ጠይቁት!" አለች። ጠየቁት። ያ ወጪት ሰባሪ ግን መንገዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ሜዳልያ አንጠልጥሏል። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ "ይህቺን ሴት አላውቃትም" አለ። በግዞት እንጨት ስትቆርጥ ጠጉሯ ሸበተ፤ ሲፈቷት ወደ ሐይቁ ዳር ቤቷ ተመለሰች።

እሱም ጡረታ ወጥቶ ዓሣ ሊያጠምድ ተመልሶ መጣ። አጥማጆቹ "መሻገሪያውን የምታውቀው እዚያ ቤት ያለችው አሮጊት ናት" ብለው ላኩት። በሯን ስትከፍት ለየችው። መጥረቢያዋን አንስታ ጥድ ቆረጠች፤ በረዶውን በዘንግ እየወጋች እስከ ማጥመጃው ድረስ ተከለችለት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ኡስቲንያ!" አለ ባርኔጣውን አውልቆ።

ዘወር ብላ አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ለካስ ስሜን ታውቀው ኖሯል!"