ወገብና ጉልበት የተጣሉበት ሳጥን

ኤልያቄም ስልኩን አንስቶ «ሃሎ» ሲል ሰው ሁሉ «እህቴ፣ እባክሽ ሹፌሩን አቅርቢልኝ» ይለዋል። ክርክር ስለማይወድ «እሺ» ይልና ጥቂት ቆይቶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አቤት፣ ሹፌሩ ነኝ» ይላል። ደዋዩም «ኧረ እህቴ፣ ቸኩያለሁ!» ብሎ ይቆጣል።

ሰውየውን ያየ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣዋል ብሎ አይገምትም። ትከሻው የሚኒባሱን ጋቢና ይሞላል፤ እጁ ሲያርፍበት መሪው የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ድምፁ ግን ለሌላ ሰው ተልኮ በስህተት እሱ ዘንድ የደረሰ ይመስል ቀጭን ነው። አባቱ ሆሳዕና አጠገብ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲጣሩ ከወንዙ ማዶ የሚግጥ ከብት ቀና ይላል። ኤልያቄም ያ ድምፅ አንድ ቀን ለእኔም ይመጣል ብሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠበቀ። ጢሙ መጣ፤ ቁመቱ መጣ፤ አዲስ አበባ ገብቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ያኤልን አገባ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት ተከራየ። ድምፁ ቀረ። በመሃሉ አባቱም አረፉ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ወፍራሙን ድምፅ ልዘምር ብሎ ጠይቆ ነበር። አሠልጣኙ በትዕግሥት አዳመጠውና፣ በትሕትና ክንዱን ይዞ ከሴቶቹ ረድፍ ጫፍ አቆመው። ኤልያቄም አላኮረፈም። ከሴቶቹ ጋር ዘመረ። ነገር ግን ጎርናና ድምፅ በሰማ ቁጥር ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደሚንቀሳቀስ ለያኤል ነግሯታል።

አንድ ጠዋት ጀሞ ላይ ተራ ይዞ ሳለ አንዲት ትንሽ የቤት መኪና መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከውስጧ የሚወጣው ሙዚቃ አይሰማም፤ ይነካል እንጂ። የሚኒባሱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የኤልያቄም መቀመጫ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ደረቱ።

«አባዬ» አለ ቀስ ብሎ።

«ማን መጣ?» አለች ሶሬቲ። ሶሬቲ ረዳቱ ናት፤ ከሁለት ልጆቿና ከአንድ ሰነፍ ባሏ ጋር ፉሪ የምትኖር፣ በታክሲ በር ላይ ቆማ ዕድሜዋን ያጋመሰች ሴት።

«ማንም» አላት። በሳምንቱ መካኒሳ ካለ የመኪና ቴፕ መሸጫ ገብቶ፣ ሰፌድ የሚያህል ሳብውፈር ታቅፎ ወጣ። ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ እስፒከር ነው።

ሻጩ ግን ዝም ብሎ አልሸኘውም። «ይኼ ብቻውን ምንም አይደለም» አለው። «ድምፁን የሚሠራው የሚቀመጥበት ሳጥን ነው። ድፍን ካደረግህለት ድምፁ ጥርት ብሎ ቁርጥ ይላል። ቀዳዳ ካወጣህለት ደግሞ ይበረታል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንሽ ይጎተታል። የትኛውን ነው የምታሠራው?»

«የሚሻለውን።»

«የሚሻል የለም። የሚስማማህ ነው ያለው።»

ኤልያቄምን በሕይወቱ ምን እንደሚስማማው ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ተሳፋሪዎቹን ጠየቀ። ከመካኒሳ ወደ ጀሞ ሲመለስ፣ በዚያች ቀጭን ድምፁ፣ «ይቅርታ፣ ሳጥን ድፍን ነው ወይስ ቀዳዳ ያለው ይሻላል?» አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ድፍን ነገር ያፍነኛል ብለው መስኮቱን ከፈቱ። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ ብርድ አልችልም ብሎ ዘጋው። ሴትዮዋ ከፈቱት። አንድ ክራባት ያሰረ ጎልማሳ ጉዳዩ በጥናት መታየት እንዳለበት ተናገረ። መሃል ላይ የተቀመጡት ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ መውረጃቸውን አለፉና፣ ጀሞ መጨረሻው ድረስ ሄደው፣ የት እንዳሉ ሲያውቁ ሹፌሩን ሰደቡት።

ሶሬቲ ናት መላ ያመጣችው። «የሰፈሬ አናጢ ጋ እንሂድ» አለች። «ለሜሳ ይባላል። ቁም ሣጥን ሲሠራ ኮቱ ራሱ ገብቶ ይሰቀላል።»

ለሜሳ ፉሪ ተወልዶ ያደገ፣ የቤተሰቡ እርሻ ላይ ቤት ሲሠራበት መጋዝ ያነሣ ሰው ነው። እስፒከሩን እንደ ታመመ ጥጃ ዳበሰው። «ድፍኑን እንሥራ» አለ። «ድፍን ከሆነ ኋላ ቀዳዳ ላወጣለት እችላለሁ። ቀዳዳውን መልሶ መድፈን ግን ልብ አይሞላም።» ይኼ ብልህ ነገር ነበር። ቀጥሎ ያለው ግን እንደዚያ አልነበረም። ሻጩ ለሳጥኑ ጽፎ የሰጠውን ልክ ሲያይ ለሜሳ ተቆጣ። «እንዲህ ያለ እንግዳ በጠባብ ክፍል ይታደራል?» አለና፣ በራሱ ቸርነት ሳጥኑን አስፍቶ፣ አስረዝሞ፣ በወፍራም ኮምፔርሳቶ ሠራው። ሳጥኑ ሚኒባሱ ውስጥ አልገባ አለ። የኋላው መቀመጫ ተነቀለ፤ ሳጥኑ በቦታው ገባ።

ሶሬቲ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ሰዉን የት ላስቀምጠው?»

«ሳጥኑ ላይ» አለ ለሜሳ፤ ከላዩ ስፖንጅና ሌዘር አለበሰው።

መጀመሪያ የተቀመጡበት እማማ ቡዜ ናቸው። እማማ ቡዜ ከድሮዎቹ የፉሪ ገበሬዎች ወገን ናቸው፤ ጎመን አምርተው መካኒሳ ይሸጣሉ። ለብዙ ዓመት ጎመን ላይ ስላጎነበሱ ወገባቸው አልቃና ብሎ፣ ሲሄዱ መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ። ኤልያቄም መዝሙር ከፈተ። ሳጥኑ ከሥራቸው ኩም፣ ኩም አለ። እማማ ቡዜ መጀመሪያ የመኪናውን በር ያዙ፤ ከዚያ ለቀቁት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መካኒሳ ሲደርሱ ሶሬቲ «እማማ፣ ደርሰናል» አለቻቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይውረዱ እንጂ።»

«ማን ወራጅ አለ አለሽ?»

ያን ቀን እስከ ማታ ሲመላለሱ ዋሉ። ጎመኑ ጠወለገ። ሲወርዱ ግን ቀጥ ብለው ነው የወረዱት፤ ጎረቤቶቻቸው እማማ ቡዜ ረጅም ሴት መሆናቸውን ያን ቀን አወቁ።

በማግስቱ ሦስት ባልቴት አስከትለው መጡ። በሳምንቱ ጀሞ ላይ ትራስ የታቀፉ አሮጊቶች ተሰልፈው ተገኙ። ሌሎቹ ታክሲዎች ባዷቸውን ያልፋሉ፤ አሮጊቶቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። ተራ አስከባሪው ግራ ገብቶት «እናቶቼ፣ ወዴት ናችሁ?» ቢላቸው «የትም» አሉት። «የትም የሚባል መስመር የለኝም» ብሎ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ኤልያቄም ጭኗቸው ሄደ።

ሰዉ ሁሉ ሲደሰት ኤልያቄም ብቻ አልደላውም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ቁርጥ ይላል፤ ችግሩም መቁረጡ ነበር። አባቱ ጠርተው ሲጨርሱ አየሩ ላይ የሚቀር፣ ቀስ እያለ ወደ ሸለቆው የሚወርድ ነገር ነበራቸው። ሳጥኑ ያን አያመጣም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚኒባሱን እንዳለ፣ አሮጊቶቹንም እንዳሉ፣ ይዞ ለሜሳ ግቢ ገባ።

«ቀዳዳ አውጣለት።»

«አይነካም!» አሉ እማማ ቡዜ።

«ይውጣለት!» አሉ እማማ ዓለሚቱ። እማማ ዓለሚቱ ከኤልያቄም ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ከቀዳዳው ነፋስ እንደሚወጣ ከሆነ ቦታ ሰምተዋል። «እስከ ዛሬ ወገብ ያለው ብቻ ተጠቀመ። እኛ ጉልበት ያለን ምን አጠፋን?»

«ጉልበት የሚታመመው ከመንበርከክ ነው፤ አትንበርከኪ» አሉ እማማ ቡዜ።

«ወገብስ ከማጎንበስ አይደል?»

ለሜሳ መጋዙን ይዞ ማንን እንደሚሰማ ሲያጣ ኤልያቄምን አየው። ኤልያቄም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አናጢው ከሳጥኑ ፊት፣ ከእግር አጠገብ፣ ረዘም ያለ ክፍተት አወጣ። መዝሙሩ ተከፈተ። ጎርናናው ድምፅ ወረደ፤ አሁንም ወረደ፤ ካለቀ በኋላም ትንሽ ቆየ። ኤልያቄም ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ ግዙፍ ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ።

እማማ ቡዜ ንዴታቸውን ረስተው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ። አንተንም ወገብህን ነው?»

«አባቴን ነው» አላቸው።

«እሱ ደግሞ የት ጋ ነው የሚያመው?» አሉ በአዘኔታ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሚኒባሱ ውስጥ ሰላም ጠፋ። የጉልበት ወገን ከክፍተቱ ፊት እግሩን ዘርግቶ ነፋሱን ይሞቃል። የወገብ ወገን ሳጥኑ ላይ ሆኖ «ይኼ ያርገበግባል እንጂ አያሽም» እያለ ያጉረመርማል። ሰላምታ ቀረ። አንዷ ስትወርድ ሌላዋ ጉልበቷን አጥፋ አታሳልፍም። ሶሬቲ በመሃላቸው ቆማ እየተንጠራራች ሒሳብ ትቀበላለች።

የባሰው የመጣው እማማ ቡዜ የምትሸጥ ዶሮ ይዘው የተሳፈሩ ቀን ነው። ጀሞ ላይ ሲቀመጡ ዶሮዋ ክንዳቸው ሥር ነበረች፤ መካኒሳ ሲቃረቡ የለችም። እማማ ቡዜ ጎንበስ ብለው መፈለግ ሲጀምሩ መዝሙሩ ጋብ አለና ከሥራቸው አንድ ነገር አጉረመረመ።

የጉልበት ወገን ከክፍተቱ ፊት እግሩን ሰበሰበ።

እማማ ዓለሚቱ እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ። «ማነህ?» አሉ ለሳጥኑ።

ሳጥኑ መለሰ። በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ግን ማንም አልለየም።

«ስንት ናችሁ? ተናገር!»

በዚህ ጊዜ መዝሙሩ እንደገና በረታ፤ ከክፍተቱ የወጣው ነፋስ እማማ ዓለሚቱ ፊት ላይ ላባ ተፋ። እማማ ዓለሚቱ ጮኹ። ፊት የተቀመጠ አንድ ሰው መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍቶ ሊዘል ሲል ሶሬቲ ቀበቶውን ይዛ መለሰችው። ኤልያቄም ዳር ያዘ።

«ዶሮዬ ናት!» አሉ እማማ ቡዜ። «በራሷ ነው የገባችው። እሷ እንኳ ቀዳዳውን ስታየው በር መስሏት ነው!»

ዶሮዋ በእህል ብትለመን፣ በእጅ ብትፈለግ፣ አልወጣ አለች። ሙዚቃው ሲዘጋ ትጮኻለች፤ ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ ዝም ትላለች። ስለዚህ ፉሪ ለሜሳ ጋ እስኪደርሱ ድረስ መዝሙሩ እንዳይቋረጥ ተስማሙ። ወገብም ጉልበትም በአንድ ነገር የተስማሙት ያኔ ብቻ ነው።

ለሜሳ ሳጥኑን መስበር እምቢ አለ። በምትኩ የእስፒከሩን ብሎኖች ፈታና እስፒከሩን አወጣው፤ ዶሮዋ በዚያው በሰፊው ክብ ቀዳዳ ብቅ ብላ፣ ሁሉንም ዞር ዞር ብላ አይታ ወጣች። አናጢው አንገቱን አስገብቶ ሲመለከት ቆየ። ከውስጥ አንድ እንቁላል አወጣ፤ ቀጥሎ የራሱን ስህተት።

«በጣም አስፍቼዋለሁ» አለ። «ሻጩ የሰጠህ ልክ ትክክል ነበር። ለእስፒከሩ ቤት ልሠራለት ብዬ ለዶሮ ቤት ሠራሁ።»

ውስጡን በሳንቃ ከፍሎ ለእስፒከሩ የሚገባውን ያህል ብቻ ተወለት፤ ክፍተቱንም አጠበበው። ከዚያ ከስፖንጅ ጨርቅ የለበሰ ውታፍ ቆርጦ ክፍተቱ ውስጥ ወተፈው። ሳጥኑ ድፍን ሆነ። ነቀለው፤ ቀዳዳ ያለው ሆነ። አሮጊቶቹ ውታፉ ሲገባና ሲወጣ ተመለከቱ።

«ይኼን ከመጀመሪያው ብታደርገው ምን ነበር?» አሉ እማማ ቡዜ።

«ዶሮዋን ከመጀመሪያው ቢያመጧት ኖሮ» አለ ለሜሳ።

ክርክሩ ያን ያህል ቀላል ሆኖ አለቀ ማለት አይደለም፤ ውታፉ ማን እጅ ይደር በሚለው ላይ ሁለት ቀን ተጣሉ። በመጨረሻ ሶሬቲ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ጉዳዩ ተዘጋ። ኤልያቄም ግን ደህና ነው። አሮጊቶቹ ወርደው፣ ሶሬቲ ምሳ ስትበላ፣ ውታፉን ይነቅልና ለብቻው ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ያኤል አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። መዝሙሩን አብራው ሰማች። ሲያልቅ «አሁን አወቅኋቸው» አለችው፤ አማቷን በሕይወት ሳሉ አግኝታቸው አታውቅም ነበር።

አሁን ጀሞ ላይ ሶሬቲ በሩን ይዛ የምትጣራው እንደ ሌሎቹ ረዳቶች አይደለም። «ወገብ እስከ ስድስት ሰዓት! ጉልበት ከስድስት ሰዓት በኋላ!» ትላለች። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። ባለፈው ሰሞን አንድ ላፕቶፕ ያነገበ እንግዳ ልጅ እየሮጠ መጣና፣ «ይኼ መካኒሳ አይሄድም እንዴ?» አላት።

ሶሬቲ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄዳል» አለችው። «መጀመሪያ የት ጋ እንደሚያምህ ንገረኝ።»