እንግዳ ሲመጣ መዶሻ ይቀመጣል

በጃንሆይ ዘመን፣ አገር ጎብኚ በሚያስተናግድ አንድ ቢሮ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሥራው አይከብድም። ፈረንጁ «ይህ ስንት ዓመቱ ነው?» ይላል፤ ቄሱ አንድ ነገር ይላሉ፣ ዘበኛው ሌላ ይላል፣ እኔ መካከሉን ይዤ እተረጉማለሁ። የቢሮአችን ግድግዳ በጎንደር ግንብና በላሊበላ ፎቶግራፍ ተሸፍኖ ነበር። ያንን ያየ ሰው፣ አገሩ ግንቡን ጨርሶ እጁን ከታጠበ ወዲህ ምንም ያልሠራ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ግን ግንብ የማይፈልግ ፈረንጅ መጣብን። ረጅም፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ለሰላምታ ኮፍያውን የሚያወልቅ ሰው ነው። ለጎብኚዎች መጽሐፍ ይጽፋል። ተወልዶ ያደገው በአንድ የፋብሪካ ከተማ ነው፤ ከተማው ጭስና ብረት ብቻ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ እሱ ግን የሚወደው ያንኑ ነው። «ቅርስ የነገሥታት ብቻ ነው ያለው ማነው? እጅ ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ። ከተማችሁ የምትሠራበትን ቦታ አሳዩኝ» አለ።

አለቃዬ ይህን ሲሰማ ሰውየው የታመመ መስሎት ውሃ አስመጣለት። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «አንተ የመርካቶ ልጅ አይደለህ እንዴ? አባትህ የሚቀጠቅጡበትን ተራ አሳየውና ይውጣለት» አለኝ። ፈረንጁ ሲወጣ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ። ተራችን ሊነሣ ነው የሚባለው ወሬ እውነት ኖሯል፤ ጭሱና ጩኸቱ ከተማዋን አሰድቧታል ተብሏል። ፈረንጁ በመጽሐፉ ላይ «ሄዳችሁ እዩት» ብሎ ካሠፈረው ግን ማን ይነካዋል? «እንግዲህ የሚሠራበትን አሳየው፣ ሌላው ያንተ ፈንታ ነው» አለኝ። አለቃዬን ያን ቀን ወደድኩት፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ወድጄው አላውቅም።

ተራችን ከመሳለሚያ ብዙ አይርቅም ነበር። የዘይት ጣሳ ይገባና ኩራዝ ሆኖ ይወጣል፤ በርሜል ይገባና የከሰል ማንደጃ ይሆናል። ጣልያን ጥሎት የሄደው ካሚዮን እንኳ ግማሹ በየሰዉ ጓዳ ወጥ ይሠራበታል። መዶሻው ከንጋት እስከ ማታ ስለማይቆም እኛ የተራው ልጆች ስንነጋገር እንጮኻለን። ሚስት ሳገባ የሚስቴ ዘመዶች ለረጅም ጊዜ የተቆጣሁ ይመስላቸው ነበር።

ታዲያ አገሩ በማንደጃችን ይጠቀማል እንጂ ልጁን ወዶ አይድርልንም። «ቀጥቃጭ» ይለናል፤ አባባሉም የሥራ ስም የሚጠራ ሰው አባባል አይደለም። ገበያተኛው ዕቃውን ከአባቴ እጅ ሲቀበል እንኳ ጣታቸውን ላለመንካት ጫፉን ይይዛል። አባቴ ይህን አይተው እንዳላዩ ማለፍን ከመዶሻው ጋር አብረው ነው የተማሩት።

የዚያኑ ማታ ነገሩን ለአባቴ አስረዳሁ። «አባባ፣ ሰውየው የሚመጣው ሥራችሁን ሊያይ ነው። ልብስ አትቀይሩ፣ አትጥረጉ፣ አትነሡ። እንደ ወትሮው ቀጥቅጡ። ተራው የሚተርፈው በዚህ ነው።»

«እሺ» አሉ።

«ወላሂ በሉኝ።»

«እሺ አልኩህ እኮ ልጄ!»

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። አባቴ ግን እሺን የሚያወጡት ሰው ለመገላገል ነበር፤ ልጃቸው ሆኜ ይህን መርሳቴ ይገርመኛል።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት በቢሮው ሴቼንቶ ሄድን። መኪናዋ ትንሽ ስለሆነች የሰውየው ጉልበት አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሌላ ጊዜ መሳለሚያ ላይ ሲደርሱ መዶሻው ይሰማል። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ «አሁን ይሰሙታል» አልኩት። የተሰማን ግን የአህያ ነጂ ጩኸትና የመኪና ጥሩንባ ብቻ ነው።

ተራው ተጠርጓል። መጠረግ ብቻ ሳይሆን ውሃም ተርከፍክፎበታል። ቁርጥራጩ ሁሉ በሸራ ተሸፍኗል፤ ብረት የሚቀጠቀጥበት የአባቴ መስፍ ላይ የእናቴ የአልጋ ልብስ ተነጥፎበታል። ሰዎቹ ወሎዬው ጀለቢያውን፣ ጉራጌው ጋቢውን ለብሰው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቁር ሆነው የማውቃቸው እጆች በሳሙናና በአሸዋ ተፈትገዋል። አባቴን እንኳ ወዲያው አልለየኋቸውም።

ፈረንጁ ኮፍያውን አወለቀና «ሰው ሞቶባቸዋል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የለም፣ እርስዎ ስለመጡ ነው» አልኩት።

«ቤት ለእንግዳ!» አሉ አባቴ። ሰውየውንም እጁን ይዘው በወንበራቸው አስቀመጡት። ያቺን ባለ መደገፊያ ወንበር ከበርሜል ብረት የሠሯት ራሳቸው ናቸው፤ ለእንግዳ ናት ብለው አንድም ቀን አልተቀመጡባትም። ሻይና ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ መጣ። ሰውየው ጠጣ፣ በላ፣ አመሰገነ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ እንደገና ጠጣ። በመጨረሻ ሥራው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀኝ።

«አባባ፣ ሥራችሁን ማየት ይፈልጋል። እባካችሁ አንድ ሰው መዶሻ ያንሣ» አልኩ።

«እንግዳ ተቀምጦ?» አሉ ደንግጠው። «ጩኸቱ ራሱን ቢያዞረው ምን ይለናል? ሥራ የትም አይሄድም። ሻይ ጨምርለት።»

ወደ ጥግ ሳብ አደረግኋቸው። «ሰውየው የሚጽፈው ያየውን ነው። ካላየ ተራው ይነሣል፣ አባባ!»

«ማን እንደሆንን ይይ» አሉኝ። «ብረትማ አገሩም አለ።»

ልቆጣ ብዬ ፊታቸውን አየሁ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሰው እሳቸው ዘንድ ዕቃ ሊገዛ እንጂ እሳቸውን ብሎ መጥቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ይህ ባለ ትልቅ ጆሮ ሰው ነው። እሱ በመጣበት ቀን ደግሞ ቀጥቃጭ ሆነው መገኘት አልፈለጉም። አሳዘኑኝ፤ ደግሞም አናደዱኝ።

ፈረንጁ መፍትሔ ያገኘ መሰለው። ብድግ ብሎ የአልጋ ልብሱን ገለጠ፣ መዶሻ አነሣና መስፉን አንድ ጊዜ መታው። ተራው በሙሉ «ኧረ በሞቴ!» አለ። ጎረቤታችን፣ ሸምገል ያሉ ጉራጌ፣ ከሕፃን እጅ ቢላዋ እንደሚወስድ ሰው ቀስ ብለው መዶሻውን ተቀበሉት። «እንግዳ ይሠራል እንዴ? ምን አጎደልንበት?» አሉኝ። እጁን አስታጠቡት፤ የአልጋ ልብሱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሽኝቱ ከአቀባበሉ ረዘመ። በስንት ምርቃት ተሸኝተን መኪናዋ ተነሣች። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ከኋላችን አንድ መዶሻ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ተራው በሙሉ። እንግዳው ሄዷል፤ ያመለጣቸውን ግማሽ ቀን ማካካስ አለባቸው። ፈረንጁ ዘሎ ጭንቅላቱን ከጣሪያው አጋጨ። «ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ። እንደ ዕድል ኮፍያውንም ረስቶ ስለነበር መመለሻ ምክንያት አላጣንም። ወርዶ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት።

ዳር ላይ ያለው ሰው አየው፣ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ተነሣ። ያንን ያየ ጎረቤቱ ተነሣ። እኛ እየሮጥን ዝምታው ቀድሞን አባቴ ደጅ ደረሰ። አባቴ ኮፍያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ አቧራውንም አራግፈውለታል። «ሻዩ ትኩስ ነው፣ ይቀመጥ በለው» አሉኝ።

ስንመለስ ሰውየው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀመጠ። «እንደነዚህ ያለ ጨዋ ሰው የትም አላየሁም» አለኝ። «ስለ ሥራቸው ግን ያላየሁትን አልጽፍም።» ለመንኩት፤ ሲቀጠቅጡ ሰምተዋል እኮ አልኩት። ሐቀኛ ሰው ነበር፤ አንዱን ቀን እንኳ ሐቁን ቢተወው ምን ነበር!

ለአለቃዬ ግን ተራችንን አወድሶ አልጠገበም፦ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ፣ ነፋሻ። አለቃዬ ያንኑ ቃል ለበላዮቹ አደረሰ። የበላዮቹም መርካቶ መካከል ይህን ያህል ጸጥ ያለ ቦታ መኖሩን እስከዛሬ ማንም ስላልነገራቸው ተገረሙ፤ ለጎብኚዎች ማረፊያ ሆቴል እንዲሠራበትም አዘዙ። በጩኸታቸው ሊነሡ የነበሩት ሰዎች በጸጥታቸው ተነሡ። አለቃዬ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሰፈርህ ሆቴል ሊሠራለት ነው» ብሎ ጨበጠኝ።

ለአባቴ ነገርኳቸው። «ሰውየው ግን ስለኛ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንደነዚህ ያለ ጨዋ ሰው የትም አላየሁም አለ።»

«እስቲ ድገመው» አሉ። ደገምኩት። ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ለእነሱም አስነገሩኝ። እነሱም እርስ በርስ እየተያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የምንለቅበት ቀን ደረሰ። ጣሪያው ተነቅሎ፣ ወናፉና ቆርቆሮው ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ አባቴና ጎረቤታችን መስፉን ተሸክመው ሲወጡ አንድ ባለ ከረባት ሰው መጣ። ቦታውን መልቀቃችንን እንዲያይ የተላከ ነው። አባቴ አዩት። መስፉን መሬት አስቀመጡ፣ እጃቸውን በጀለቢያቸው ጠረጉ። ጋሪ የሚጭነውም ጭነቱን አስቀመጠ። ተራው በሙሉ ዝም አለ።

«ቤት ለእንግዳ!» አሉ አባቴ። በላያቸው ሰማዩ ይታያል።

አባቴ ወደ እኔ ዞረው «ወንበሯን አምጣለት» አሉኝ።

«ተጭናለች አባባ፣ ከሥር ናት።»

«አውርዳት።»

ጋሪው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አራግፌ ወንበሯን አወረድኳት። ሊያስነሣን የመጣው ሰው ተቀመጠ። ከሻይ ቤት ሻይ መጣለት፤ እስኪጨርስም ድረስ ተራው በሙሉ ቆሞ ጠበቀው።