ከእንግዲህ አሰላን ማን ያስጎብኛችሁ ልበል?

ኧረ ውሸት ነው በሉኝ! እባካችሁ አንድ ሰው "ተሳስተው ነው፣ ሌላ ከድር ነው" ይበለኝ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት የዚህ ገጽ ተከታይ "አሰላ ልመጣ ነው፤ ከተማውን በእግር የሚያዞረኝ ማንን ልምረጥ?" ብላ ጻፈችልኝ። እንደ ሁልጊዜው "ጋሼ ከድርን ነዋ፣ ይሄም ይጠየቃል?" ብዬ ስልኩን ልልክላት ስል የሥራ ባልደረባዬ ገብታ ትከሻዬን ያዘችኝ። "ሰማሽ?" አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። ምነው ሳልሰማ በቀረሁ!

ጋሼ ከድር ትናንት ሁሩታ ከተማ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ እዚያው አደረ። ሊነጋጋ ሲል ልቤን አለ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ነርስ ነኝ። ልብ ድንገት እንደሚቆም አውቃለሁ፣ በሥራዬ አየዋለሁ። የሱን ግን እንዴት ብዬ ልመን?

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሼ ከድር የአሰላ ልጅ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ከተማውን በእግር እያዞረ ያስጎበኝ ነበር። እኔ ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ሰው አላውቅ፣ ኦሮምኛ አልችል፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። አዲስ የመጣን ጤና ባለሙያዎች በእረፍት ቀናችን ከተማውን እንይ ተባባልንና አስጎብኚ መምረጡ በእኔ ላይ ወደቀ።

ሁለት ሰው ጠቆሙኝ። አንዱ ቄንጠኛ ልጅ ነበር። የጭላሎን ተራራ፣ ፎቶ የሚያምርበትን ቦታ፣ ሁሉንም በሰዓት ሸንሽኖ ነገረኝ። ጋሼ ከድር ግን ስደውልለት ስለ ከተማው አንድ ቃል አልወጣውም። "ከየት ናችሁ? የት ተከራያችሁ? ጎረቤት አወቃችሁ?" እያለ እኔን ጠየቀኝ። "ጉብኝቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብዬ ብጠይቀው "እሱን ሰላምታው ነው የሚወስነው" አለኝ። ሳቄ መጣና እሱን መረጥኩ።

ወይ ጉድ! ያ ሰላምታ! ልብስ ሰፊው፣ ቅቤ ሻጯ፣ ጎሚስታው፣ ባለጋሪው፣ ማንም ዝም ተብሎ አይታለፍም። ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ገብሱን ሳይጠይቅ የሰው እጅ አይለቅም። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ እየጎተተ ያስጨብጠናል። በሯጮች አገር እንደሱ ቀርፋፋ ሰው አይቼ አላውቅም። ስንቸኩል "ቀስ በሉ፣ ከተማው አይሸሽም" ይለናል። አብሮን የነበረው ዶክተር ብርዱም ረሃቡም ተጨምሮበት "ቆይ፣ ጉብኝቱ መቼ ነው የሚጀመረው?" ሲል፣ ጋሼ ከድር ፈገግ ብሎ "ዶክተርዬ፣ ግማሹን እኮ ጨርሰናል" አለው። ያን ቀን ከገበያው አላለፍንም። መጀመሪያ ተናደድን፣ ኋላ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በየሱቁ ደጃፍ ወደ እኔ እየጠቆመ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ይል ነበር። አልገባኝም፣ አልጠየቅኩም። በሳምንቱ ቅቤ ሻጯ የታመመ ልጇን ይዛ ወደምሠራበት ሐኪም ቤት መጣች። ከወረፋው መሃል አየችኝና "ከድር ያመጣት ሲስተር!" ብላ ጮኸች። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ለካ ሰውየው "ሰው የላትም፣ የኛ ናት፣ አደራ እዩልኝ" እያለ ነው ሲያዞረኝ የዋለው። ከዚያ ወዲህ በአሰላ መንገድ ላይ ብቻዬን ሄጄ አላውቅም፤ አንዱ ሳይጠራኝ አላልፍም።

እናቴ ግን ደሴ ሆና አላስቻላትም። በደወለች ቁጥር "ብትታመሚ ማን ውሃ ያቀብልሻል?" ትለኛለች። በመጨረሻ "ቅዳሜ መጥቼ ካልወሰድኩሽ እናትሽ አይደለሁም" አለች። እኔ ደግሞ መሄድ አልፈልግም። ጨንቆኝ ለጋሼ ከድር ነገርኩት። "ለኔ ተዪልኝ፤ አንድ ቀን ብቻ ላዙራቸው" አለኝ። ጉልበቷን እንደሚያማት ነግሬው ነበር። ከትናንት በስቲያ ደወለልኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሲስተር፣ ወንበር የሚሰጡንን ሱቆች ለይቻለሁ። እናትሽ ትንሽ ይራመዳሉ፣ ቁጭ ይላሉ። ምሳ ደግሞ እኛ ቤት ነው።"

ቀብሩ ዛሬ እዚሁ አሰላ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነበር። እኔ ቤቱ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ባለቤቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "እናትሽ መጡ?" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሐዘኗ መሃል!  

ስመለስ በገበያው መንገድ መጣሁ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ተነስቶ "አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ" አለኝ። ቅቤ ሻጯ እቃዋን ትታ አቀፈችኝ። የማላውቃቸው ሽማግሌ እጄን ይዘው "አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ" አሉኝ። ለሥጋ ዘመዱ እንደሚደረገው ነው ያጽናኑኝ። ያን ጊዜ አልቻልኩም፤ መሃል መንገድ ቆሜ ተንሰቀሰቅኩ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።  "ቅዳሜን አልጠብቅም፣ ነገ እነሳለሁ" አለች።

"ልትወስጂኝ?" አልኳት።

"የለም ልጄ፣ ለቅሶ ልደርስ። እንዲህ ከሚያዝንልሽ ሰው መሃል አውጥቼ ወዴት እወስድሻለሁ?"

ጋሼ ከድር፣ ሰማህልኝ? እናቴ እሺ አለች። አንተም ሳታያት፣ እሷም ሳታይህ። እንዳልሄድ ስንቱን ደከምክልኝ፤ ይኸው ቀረሁ። አንተ ግን ምነው ጥለኸኝ ሄድክ? አፈሩን ያቅልልህ የኔ ወንድም። ደህና ሁን።