የጄኔራሉ ሙሾ

ሰቆጣ ላይ ሙሾ አውራጅ ነኝ። ለቅሶ ሲደርስ ይጠሩኛል፤ በአማርኛም በኽምጣኛም አስለቅሳለሁ። ማንበብ የለመድሁት ከልጆቼ መጽሐፍ ነው፤ እነሱ ሲያጠኑ አጠገባቸው ምስር እየለቀምሁ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ፣ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን፣ ሳላነብ አልጥለውም።

ጓሮ ያለችውን ክፍሌን የተከራየው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር ነው። ያን ሰሞን የአንድ ጀርመናዊ ጄኔራል ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰ ነበር። «አማርኛው ይጥም እንደሆነ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ደስ አለኝ፤ እሳት ላይ የጣድሁትን ምስር ትቼ ደጅ ተቀመጥሁና ጀመርሁት።

ሰውዬው የኖረው መኳንንቱ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ፀጉር ይደፉ በነበረበት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ነው። ከባላባት ቤት ተወለደ። ርስቱ ለታላቅ ወንድሙ ስለሆነ እሱ ገና በልጅነቱ ጦር ውስጥ ገባ። አንዱ ጦርነት ላይ ቆሰለ፣ ሻምበል ሆነ፤ ሌላው ላይ ምሽግ ሰበረ፣ ኮሎኔል ሆነ። ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ያምር ነበር ይላል። እስከዚህ ወደድሁት፤ አልዋሽም። ምስሩም አረረብኝ።

ኋላ ግን ጌታው፣ የዚያች ትንሽ አገር ገዥ፣ ገንዘብ አማረውና ጦሩን ለእንግሊዝ ንጉሥ አከራየ። አከራየ ነው የሚለው፣ እንደ በቅሎ። ውቅያኖስ ተሻግረው አሜሪካ ድረስ ሄደው፣ ስሙን እንኳ ሰምተውት የማያውቁትን ሰው እንዲወጉ። የገበሬውን ልጅ ከእርሻው፣ ከመጠጥ ቤቱ እየለቀመ የሚሰበስብ ደግሞ ይኸው ያ የወደድሁት ፈረሰኛ ነው። ጄኔራል የተባለውም በዚህ ነው። የገበሬው ልጅ ሲሞት ካሳው ለገዥው ይገባል፤ እናትየው ምንም የላት። ጄኔራሉ ግን በደህና ተመለሰ፤ ኒሻን ተሰካለት፣ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሠራ፣ ሲሞትም ሐውልት ቆመለት። መጨረሻው ላይ «ወታደሮቹን እንደ ልጆቹ ይወድ ነበር» ይላል።

ወረቀቱን የነካሁበትን እጄን ታጠብሁ።

መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እንዴት ነው አማርኛው?» አለኝ።

«አማርኛውስ ይጥማል። ሰውዬው ነው የሚከረፋው።»

ሳቀ። «ኧረ እማማ! ትልቅ የጦር ሰው እኮ ነው። ዘመኑ እንዲያ ነበር።»

«ልጆቹን ከእርሻ የጎተታቸው ዘመኑ ነው? እጅ አለው ዘመን? ይህ ታሪክ አይደለም መምህር፤ ሙሾ ነው።»

«ታዲያ እርስዎስ? ያንን ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን ሰውዬ ባለፈው የዋህ በግ ብለው ሰፈሩን አላስለቀሱም?»

ልጁ አፍ አለው።

በዚያው ሳምንት የከተማችን ደላላ ሞተ። የገጠሩን ልጅ በበረሃ አድርጎ ወደ ዐረብ አገር የሚሰድ ሰው ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የገዛው እሱ ስለሆነ ሁሉ ይነሣለት ነበር። የጎረቤቴ አንድ ልጅ በእሱ በኩል ነው የሄደው። አብረውት የነበሩት ልጆች፣ ባሕሩ ጋ ሳይደርስ በረሃ ላይ ወድቆ መቅረቱን ተናግረዋል። እሷ በጠየቀችው ቁጥር ግን ደላላው «ደርሷል፣ ስልክ ስላልያዘ ነው» ይላት ነበር፣ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ።

የሟቹ ወንድም በጠዋት መጣ። እኛ ጋ ሙሾ አውራጅ የሟችን ሥራ የምትሰማው ከቤተ ሰቡ ነው።

«የድሃ አባት ይበሉልኝ። ደጁ ተዘግቶ እንደማያውቅ ያንሡለት። የላካቸውን ልጆች እንደ ልጆቹ ነበር የሚያያቸው።»

እንደ ልጆቹ! የጄኔራሉ ወረቀት መጨረሻ፣ ቃል በቃል።

«አልችልም» አልሁት።

«ታመዋል እንዴ?»

«አዎ፣ አሞኛል።»

እሱ እንደወጣ ጎረቤቴ ገባች። ደጅ ሆና ሰምታለች መሰለኝ።

«ልታወርጂለት ነው?»

«ኧረ እኔ አላወርድም፣ እቴ።»

«እንግዲህ የድሃ አባት ሲባል ካንቺ አፍ ከሰማሁ ዐይንሽን አላይም። ሌላው ያሻውን ይበል። አንቺ ግን ልጄን ታውቂዋለሽ፤ እጅሽ ላይ ነው ዳዴ ያለ።»

ለቅሶ መቅረት ነውር ስለሆነ ሁለታችንም ሄድን። ከሴቶቹ መሀል ጎን ለጎን ተቀመጥን። በእኔ ፈንታ ከአምደወርቅ ሌላ አልቃሽ በሚኒባስ አስመጥተዋል፤ ወጣት ናት፣ ሟቹን አይታው አታውቅም። ተነሥታ ፎቶውን አቀፈችና አወረደችው፦

ደጁን ሳይዘጋው ለመጣ ለሄደው፣
የድሃውን አባት አፈሩ ወሰደው።

ድምፅዋ! ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። ጄኔራሉን አሰብሁት፤ የእነዚያ የገበሬ ልጆች እናቶችም ቀብሩ ላይ ቆመው ይሆን? ብዬ ሳስብ ፊቴ ሲሞቀኝ ተሰማኝ፤ ለካ እንባዬ እየወረደ ነው። ያንን ሰው አውቄው፣ ተጸይፌው፣ አለቀስሁለት። ጎረቤቴ እጄን ጎትታ አስነሣችኝና ከድንኳኑ ወጣን።

ከአጥሩ ጀርባ ቆማ «ለማን ነው ያለቀስሽው?» አለችኝ።

ለልጅሽ ነው ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። «እኔ እንጃ» አልሁ። «ድምፅዋ ነው።»

ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ የሷም ጉንጭ ርሷል።

«እኔም አለቀስሁለት» አለች። «ለዚያ ውሻ!»

ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ እንትፍ ብላ በምራቋ አራሰችና፣ በረት ገብታ እበት የነካት ይመስል፣ ጉንጮቿን እስኪቀሉ ድረስ ትፈገፍጋቸው ጀመር።