ጆሮዬና የጽዋው ትሪ

እኔ ግንበኛ ነኝ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ስለ ጆሮ የምጽፈው መጽሐፍ አገላብጬ ሳይሆን በራሴ ደርሶብኝ ነው። ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት፣ ናይሮቢ እያለሁ ነው።

በሥራ ቀን ላቪንግተን በሚባል ሰፈር የሀብታም አጥር እገነባለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሌላ ሰፈር፣ አዳራሽ ተከራይቶ በሚያመልክ የአበሻ ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ። ዘመድ የለኝም፤ ብታመም የሚጠይቀኝ፣ ብሞት የሚቀብረኝ ያ ጉባኤ ብቻ ነበር። አገልግሎቴ ትንሽ ናት። የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ፣ ጽዋዎቹ የተደረደሩበትን ትሪ ይዤ በየረድፉ አዞራለሁ። ጽዋ የምንለው ትንንሽ ብርጭቆ ነው፤ የሚሞላበትም ወይን ሳይሆን እህቶች ዘቢብ አፍልተው የሚያጠልሉት ጭማቂ ነው።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ ሲለቀኝ በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ የወፍጮ ድምፅ የመሰለ ነገር ትቶልኝ ሄደ፤ በዚያ ጆሮ መስማትም አቃተኝ። አንድ እሑድ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ጣራው ዞረብኝ። ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ፤ አለፈልኝ ብዬ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። መቅረት ነበረብኝ። ጥፋት ካለብኝ እሷ ናት።

ትሪውን ይዤ ሦስተኛው ረድፍ ስደርስ፣ አንዲት እህት ከቀኝ በኩል የኮቴን እጅጌ ነካ አደረገችው። ዘወር አልኩ። ወለሉ ተነሣብኝ። ትሪው ከእጄ አምልጦ ብርጭቆው ሁሉ ረገፈ፣ ቀዩ ጭማቂ በነጭ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ፣ እኔም እላይዋ ላይ ወደቅሁ።

"ሰክሯል!" ብላ ጮኸች። "የጌታን ጽዋ ይዞ ሰክሯል!"

"ዘቢቡ ነው እንዴ ያሰከረው?" አለ አንዱ ከኋላ። የሳቁም ነበሩ። ያነሣኝ ግን አልነበረም፤ ወንበር ይዤ ራሴ ተነሣሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ክንዴን ጨምድዶ ወደ ጓዳ አስገባኝ። ሽማግሌ የምለው ለሹመቱ ነው፤ በዕድሜው ልጄ ይሆናል። በሩን ዘጋና፣ "ጋሼ፣ እስቲ እፍ ይበሉልኝ" አለኝ።

"ምን?"

"አፍዎን ላሽትተው። ቻንጋ ቀምሰው ከሆነ እንወቀው።"

ቻንጋ የዚያ አገር አረቄ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ አፌን ከፍቼ እፍ አልኩለት። ምንም አላገኘም። ያም አልጠቀመኝም።

"እንግዲያው መጠጥ ካልሆነ መንፈስ ነው" አለ። "ነጻ እስኪወጡ ድረስ ትሪውን አይነኩም፤ ጽዋም አይወስዱም።"

በሳምንቱ አምስት ሆነው ጸለዩልኝ። ሲጸልዩ ራስ ይዘው ይነቀንቃሉ፣ ግንባር ይገፋሉ። ልማዱ ነው፤ እኔም የስንቱን ራስ ይዤ ነቅንቄያለሁ። የኔን ሲነቀንቁት ግን ክፍሉ ከነሰዎቹ ተገለበጠ። ወደቅሁ። አስመለሰኝ። "ወጣ! ወጣ!" እያሉ አጨበጨቡ። እንደገና ሲያስመልሰኝ፣ ሌላም አለበት ብለው ባሰባቸው። እኔ መሬት ላይ ሆኜ፣ "ራሴን ልቀቁት፣ እባካችሁ" እላለሁ። ሽማግሌው፣ "አትስሙት፣ የሚናገረው እሱ አይደለም" አላቸው።

ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያንን አልረሳሁም።

የሥራው አለቃ ኬንያዊ ነበር። መወጣጫው ላይ ስንገዳገድ አየኝና፣ "ፖሌ ሙዜ፣ ውረድ" አለኝ፤ አይዞህ አባት ማለቱ ነው። እሱ አፌን አላሸተተም። ወደ ጆሮ ሐኪም ላከኝ።

ሐኪሙ በቀስታ፣ በሚገባኝ ስዋሂሊ አስረዳኝ። ድምፅ በቀዳዳው ገብቶ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ነገር ይመታል። ከዚያ ወዲያ ሦስት አጥንቶች አሉ፤ ትንሿ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም። እነሱ ምቱን ተቀባብለው፣ ቀንድ አውጣ መስሎ ለተጠቀለለ፣ ውሃ ላለበት ነገር ያደርሳሉ። መስማት ይኸው ነው። ከጎኑ ደግሞ ሦስት ቀለበቶች አሉ፤ እነሱም ውሃ አላቸው። ራስህን ስታዞር ውሃው ወደኋላ ይቀራል፤ በዚያ ነው ሰውነትህ ወዴት እንደዞርክ የሚያውቀው።

"ውሃ ልክ!" አልኩ በአማርኛ። ምንድነው ሲለኝ በእጄ አሳየሁት። ግንበኛ ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚያይበት፣ አረፋዋ መሐል ላይ የምትቆምበት ዕቃ። ሐኪሙ ደስ አለው። "ሁለት አለህ" አለኝ፣ "በግራና በቀኝ። የቀኙ ተጎድቷል። አንዱ ቆመሃል ሲል አንዱ ዞረሃል ይላል።" አርባ ዓመት ሙሉ በውሃ ልክ ስሠራ፣ ሁለቱን በራሴ ውስጥ ተሸክሜ እንደምዞር የነገረኝ አልነበረም።

መድኃኒቱ ልምምድ ነበር። አውራ ጣቴን ፊት ለፊቴ አቁሜ፣ ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ፣ ራሴን ግራ ቀኝ ማዞር። መጀመሪያ ያቅለሸልሸኝ ነበር። በሁለት ወር ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የቀኝ ጆሮዬ መስማት ግን አልተመለሰም።

ሽማግሌው ሲያየኝ ፊቱ በራ። "ጋሼ፣ ይኸው ቆሙ! እሑድ ምስክርነት ይሰጣሉ። መንፈሱ እንደወጣልዎ ይናገሩና ጽዋውን ይወስዳሉ፤ ትሪውም የእርስዎ ነው።"

"የታመመው እኮ ጆሮዬ ነው፤ ሐኪም አይቶኛል።"

"ጆሮ ያንገዳግዳል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "ደግሞ የጸሎታችንን ፍሬ ለሐኪም እንዳይሰጡብን።"

ትሪውን ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽም። ማንም የለኝም ብያለሁ። እስከ እሑድ ድረስ እሱ የፈለገውንም እውነቱንም፣ ሁለቱንም ንግግር ስለማመድ ሰነበትኩ።

እሑድ ማይኩን ሰጡኝ። "ከእኔ የወጣ መንፈስ የለም" አልኩ። "ጆሮዬ ውስጥ ያለው ውሃ ልክ ታሞ ነው። እፍ አስባላችሁኝ፣ ራሴን ነቀነቃችሁት፤ ያማል ስላችሁ አልሰማችሁኝም።"

 ነጠላዋ የተበላሸባት እህት፣ "አላልኳችሁም?" አለች። ሽማግሌው ማይኩን ከእጄ ወሰደና፣ "ቅዱሳን፣ አባታችን ገና አልተፈታም፤ እጃችንን እንዘርጋለት" አለ። ሁሉም እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። ያኔ ትሪው ይዞር ጀመር፤ አዲሱ አዟሪ እኔን እንደ ምሰሶ ዞሮኝ አለፈ።

ሄድኩ። ዓይኔን የበሩ ማጠፊያ ላይ ተክዬ፣ ወንበር ሳልይዝ፣ በመሐሉ መተላለፊያ። ከቀኝ በኩል ብዙ ተናገሩኝ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጠርዝ አይቻለሁ። በዚያ በኩል አልሰማም። የግራ ጆሮዬን ወደነሱ አላዞርኩትም።