ከጅቡቲ የመጣው ሸርጣን

ባለፈው ክረምት የእናቴን ጓዳ ሳጸዳ አንድ ቢጫ ጀሪካን አገኘሁ። ክዳኑን ስከፍተው ጨው ጨው የሚል፣ የራሰ ድንጋይ የመሰለ ሽታ መታኝ። እዚያው ቁጭ አልኩ። የእህቴ ባሕር ሽታ ነበር።

ልንገርሽ። አባታችን የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ታላቅ እህቴ የባሕር ፍጥረት በስልኳ እያየች ስትደነቅ ያውቃል። አንድ ጊዜ ወደ ከተማችን ወደ ቆሰበር ሲመለስ በዚያ ጀሪካን የባሕር ውኃ፣ በባልዲ ደግሞ ጥቂት ድንጋይ፣ አንድ ቀይ ሸርጣንና ሰውነቷ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ሽሪምፕ የምትባል ጣት የምታህል የባሕር ፍጥረት ይዞ መጣ።

"መንገድ ላይ ይሞታሉ ብዬ ነበር" አላት። "አልሐምዱሊላህ፣ አንቺን ሳናይ አንሞትም ብለው ነው መሰለኝ።"

እህቴ መስኮት ከሚሠራው ጎረቤታችን ትርፍራፊ መስታወት ለምና፣ በሲሊኮን አጣብቃ ቤት ሠራችላቸው። አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተር ቀኑን ሙሉ ብልቅ ብልቅ ይላል፤ ከላይ የተንጠለጠለው አምፖል ውኃውን ያሞቃል። ውኃው ተንኖ ሲጎድል በጣቷ ትቀምስና "ጨው በዝቶበታል" ብላ የዝናብ ውኃ ትጨምርበታለች። እኔ ጣቴን ማስጠጋት ስፈራ፣ ሸርጣኑ ከእሷ እጅ የዓሣ ቁራጭ ይቀበል ነበር።

የአገራችንን ብርድ ታውቂዋለሽ። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ሞተሩ ዝም አለ፣ ውኃው መቀዝቀዝ ጀመረ። እኔ ከሰል አርገበግባለሁ፤ እህቴ የፈላ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ እየሞላች ታንሳፍፋለች፤ አየር እንዲገባውም በኩባያ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈሰዋለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

"ኧረ ልጄ፣ እህል ቅመሺ" አለቻት እናቴ።

"እነሱ ሲበሉ እበላለሁ።"

መብራት የመጣው ሊመሻሽ ሲል ነው። ሽሪምፗን ብርዱ ወሰዳት። በማግስቱ ሸርጣኑንም በጀርባው ተንጋሎ አገኘነው።

"ሞቷል፣ አውጪው" አለች እናቴ።

እህቴ አንስታ አሸተተችው። "ሽታ የለውም እኮ፣ እማ።" ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታዞረው ውስጡ ባዶ ነው። አሮጌ ቅርፊቱን አውልቆ ኖሯል! እሱ ራሱ ፈዘዝ ያለ ቀይ፣ ገና ለስላሳ ሆኖ ድንጋዩ ሥር ተሸጉጧል። እህቴ ሳቀችም አለቀሰችም። እስከ ዛሬ እንደ እሷ ተስፋ የማትቆርጥ ሰው አላየሁም።

በዓመቱ የአባታችን ዓይን ደከመና ያን መስመር ሊተው ሆነ። ከእንግዲህ በየጉዞው አዲስ የባሕር ውኃ የሚያመጣልን የለም። እህቴ ከመስታወቱ አጠገብ ሳትለይ ሰነበተች። አባታችን ለመጨረሻው ጉዞ ሲነሣ ሸርጣኑን በባልዲው አድርጋ አቀበለችው።

"ካመጣህበት መልስልኝ፣ አባዬ።"

ከባሕሩ ዳር ሆኖ ደወለልን። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"ለቀቅኩት ልጄ፣ ገባ።"

"ዞር ብሎ አየህ?"

ከጀርባው የውኃው ድምፅ ይሰማል።

"አየኝ እንጂ" አለ አባታችን።

እህቴ ስልኩን ለእናቴ ሰጠችና፣ ፊቷን ሳታሳየን ባዶውን መስታወት ማጠብ ጀመረች።