ማንም ያልቀመሰው መረቅ

ድመት አልወድም። ይህን ለስንት ሰው እንደተናገርኩ ሰፈሩ ይመሰክራል። ጎረቤቶቼ አይጥ ሲበዛባቸው "አንድ ድመት እናሳድግ" ባሉ ቁጥር "ሌባ ከቤቴ አላስገባም" የምለው እኔ ነበርኩ። ሌባዋን በገዛ ዘንቢሌ፣ ከሽንኩርት በላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አልብሼ ያመጣሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ የመጣው ከእግሬ ነው። እግሬ አያርፍም። ልጆቼ "እማዬ፣ ሽንኩርት እኮ በራችን ላይ ይሸጣል" ይሉኛል። በራችን ላይ የሚሸጠው ሽንኩርት ግን ወሬ የለውም። ስለዚህ አትክልት ተራ ድረስ እሄዳለሁ። ስመለስ መንገዱን አጣምሜ በሰባተኛ ሰፈር በኩል እዞራለሁ፣ የማልገዛውን ብርድ ልብስ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ተወደደ ብዬ ከባለቤቱ በላይ አዝናለሁ። ቤቴ ስደርስ ሽንኩርቱ ሊበቅል ምንም አይቀረው።

ያን ቀን አንድ ብርድ ልብስ ሱቅ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ሰው ተሰብስቦ እያየሁ ማለፍ አልፈጠረብኝም። ባለሱቁ ከደረጃው ሥር በመጥረጊያ እንጨት አንድ ነገር ይጎረጉራል። የድመት ግልገል ናት፣ እናቷን ጠዋት አይሱዙ የጭነት መኪና ገጭቷታል አሉ። በመጨረሻ የወጣችው መዳፍ የማትሞላ ግልገል ናት፤ ዓይኗ በዓይናር ተለጥፏል፣ አፍንጫዋ ተዘግቶ እንደ ሽማግሌ ታንኮራፋለች።

"እማማ፣ ራቅ ይበሉ፤ የዱር ናት፣ ትቧጭርዎታለች" አለኝ ባለሱቁ።

"ይቺ? ይቺ ደግሞ ምን አቅም አላት?" ብዬ እጄን ሰደድኩ።

ቧጨረችኝ። ዓይኗ ሳያይ ከአውራ ጣቴ እስከ አንጓዬ አሰመረችብኝ። ሰዉ ሳቀ። ከርኅራኄ አነሳኋት ብል እዋሻለሁ፤ ያነሳኋት ከእልህ ነው።

እኔና ጎረቤቴ በአንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት በሆኑ በሮች ነው የምንኖረው። እሷ ስልጤ ናት፣ እስላም፤ እኔ ከጎጃም የመጣሁ ክርስቲያን። ልጆቻችንን አብረን አሳድገናል፤ ለቅሶውንም ሠርጉንም አብረን ነው። ሥጋ ግን አንድ ቀን አብረን በልተን አናውቅም። እሷ ስትደግስ ለእኔ በክርስቲያን እጅ የታረደ ታዘጋጃለች፤ እኔም ስደግስ ለእሷ እስላም አራጅ እጠራለሁ። እንዲህ ተከባብረን፣ በየሳህናችን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንበላለን።

ድመቷን ስታይ "አላህ ይድረስላት" አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። "ድመት አልወድም የምትይው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"አልወድም። ታማ ነው።"

"እሱስ ይሁን። ያንን እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂደሽ አሳዪ።"

የእኔ እጅ መርፌውን ሲያገኝ የድመቷ በሽታ ግን በእኔ እጅ ወደቀ። በእኔ እጅ የወደቀ በሽተኛ ደግሞ ሁለት በሽታ አለበት ማለት ነው። በመጀመሪያ ፌጦ በሎሚ ለወስኩ። ለልጆቼ ጉንፋን ይሠራ ነበር፣ ለእሷስ ለምን አይሠራም? ገና ወደ አፍንጫዋ ሳስጠጋው ሦስቴ አስነጠሳትና ከካርቶኑ ጥግ ተሸጉጣ ቀረች። ጤና አዳም አመጣሁ፤ ፊቷን አዞረች። ቀጥዬ በቤቴ ያለውን አቀረብኩላት። ወሩ ሁዳዴ ነው፣ በቤቴ ያለው ሽሮ ነው። ዓይኗ ቢከፈት ኖሮ ትታዘበኝ ነበር። ጎረቤቴ ከእሷ ቤት የዱቄት ወተት በጥብጣ ብትሰጣትም አስቀመጣትና የካርቶኑን ጨርቅ ስቀይር ዋልኩ።

በነጋው ልጄ ቦሌ በኩል የድመትና የውሻ ሐኪም አለ ብላ ደወለች። ብደውልለት ስልኩን የሚያነሳ የለም። እኔም ግልገሏን በነጠላ ጠቅልዬ ከመሳለሚያ ታክሲ ያዝኩና ሰው ወደ ጠቆመኝ ወደ ከብት ክሊኒክ ሄድኩ። በታክሲው ውስጥ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት "ስንት ወሯ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የልጅ ልጄን ያቀፍኩ መስሏት ነው። "ገና ናት" አልኩ። "ያፈናት ይመስላል" አለች። "አዎ፣ ጉንፋን ነው" ብዬ ነጠላውን ጠበቅ አደረግሁ። ሴትዮዋ እየመረቀችኝ ወረደች።

የክሊኒኩ ዘበኛ ነጠላዬን ገልጦ አየ፣ መልሶ ሸፈነ።

"እማማ፣ እዚህ የሚታከመው በሬ ነው፣ በግ ነው። ደግሞም ሐኪሞቹ በሙሉ ለክትባት ገጠር ወጥተዋል።"

"አንዱ እንኳ አልቀረም?"

"እኔ ቀርቻለሁ።"

ሳልመለስ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የማያርፍ እግር አንዴ ከተቀመጠ ደግሞ ቶሎ አይነሳም፤ ዘበኛው ይህን አይቶ ይመስለኛል አንዱን ሐኪም በስልክ ጠራልኝ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ከኋላ ከብት ይጮኻል። ሐኪሙ ያለኝ ይህ ነው፤ ሙቀት አይለያት፣ ዓይኗን አፍልተሽ ባቀዘቀዝሽው ውኃ ጥረጊላት፣ ወተት ተይ፣ የሥጋ መረቅ በትንሽ በትንሹ፣ ምንም ሳትጨምሪበት።

"እስከ ማታ በራሷ መብላት ከጀመረች ትተርፋለች እማማ። ካልበላች ግን እኔም እዚያ ብኖር ብዙ የማደርግላት የለም።"

ስለዚህ ነገሩ ተለየ። እስከ ማታ ትብላ ነው እንግዲህ።

በሁዳዴ ሥጋ ከየት ይመጣል? የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ተዘግቷል። ጎረቤቴ ቤት የነበረው ሥጋ ለማፍጠሪያ በበርበሬ ተዘፍዝፏል። ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ላይ የገጠሙበት ዓመት ነውና እሷም ጿሚ፣ እኔም ጿሚ። እሷን ጉልበቷን ያማታል፤ እግር ያለኝ እኔ ነኝ። ከመስጊዱ በታች ካለው ሥጋ ቤት ሄድኩ።

ግንባሬ ላይ መስቀል ተነቅሻለሁ። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት። እንዲያ የተሸፈነች አሮጊት ደግሞ ይበልጥ ትታያለች።

"እናቴ፣ ተሳስተው ነው?" አለኝ ባለሥጋው፣ በጣም በጨዋነት።

"አልተሳሳትኩም። ትንሽ ቀይ ሥጋ ስጠኝ። ለድመት ነው።"

የተሰለፉት ወንዶች ዞረው አዩኝ። አንዱ "ድመቷ ጥብስ ነው ወይስ ክትፎ የምትወደው?" አለ።

"ተው፣ እናት ናቸው" አለ ባለሥጋው እየመዘነ። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ደግሞ "ዘንድሮ ድመቱ በዝቷል። ትናንትም አንዲት እናት ለድመት ብለው ሁለት ኪሎ ወሰዱ፤ ከነጎድኑ" አለኝ።

ግልገሏን ይዤ ባለመምጣቴ ቆጨኝ። ምስክር አልነበረኝም። ሥጋዬን በፌስታል አስቋጥሬ፣ ፌስታሉን በነጠላዬ ውስጥ ደብቄ፣ በልቼ እንኳ የማላፍረውን እፍረት ሳልበላ አፍሬ ተመለስኩ።

ሥጋውን ለሁለት ከፈልነው፤ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ምናልባት ቢያስፈልግ። እኔ ሥጋ የማይነካው የጾም ድስት ብቻ ስለነበረኝ በጎረቤቴ ድስት፣ በእኔ ከሰል፣ በግቢው መሃል ጣድነው። ሐኪሙ ምንም ሳትጨምሪበት ብሏል። እኔም ሽንኩርት አልጨመርኩም፣ ነጭ ሽንኩርት አልጨመርኩም፣ ኮረሪማ አልጨመርኩም። በዚህም በጣም ኮራሁ። ጨው ግን ጨመርኩ። ጨው ደግሞ መቼ ነው ከነገር ተቆጥሮ የሚያውቀው? ያለ ጨው ውኃ እንኳ አፍልቼ የማውቅ አይመስለኝም።

የቅዳሴ ሰዓት ደረሰ። "ድስቱን እዪልኝ" ብያት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ ስመለስ መረቁ ወርዶ፣ ለብ ብሎ ጠበቀኝ። ድመቷ አንገቷን አታነሳም። ጥጥ አጥቅሼ በከንፈሯ ላይ ጠብ አደረግሁ። አንዴ ላሰች። ደስ አለኝና ደገምኩላት። ያን ጊዜ ራሷን ነቀነቀች፣ አፏ አረፋ ደፈቀ፣ የዋጠችውንም ያልዋጠችውንም መለሰችው። ከዚያ በጎኗ ተኛች።

"ምን ሆነች?" አለች ጎረቤቴ ከበሯ።

"እኔ እንጃ። መረቁ ምን አለበት?"

"ምንም የለበትም። ምንም አትጨምሩ ተብሎ የለ? ጨው ብቻ ነው ጣል ያደረግሁበት።"

"እኔም ጨምሬ ነበር እኮ።"

ተያየን። በዚያ ግቢ ሳይቀምሱ፣ በዓይናቸው ብቻ ወጥ ማጣፈጥ የሚችሉ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ። እሷ ረመዳን ይዛ አልቀመሰችም፣ እኔ ሁዳዴ ይዤ አልቀመስኩም። ሁለታችንም ጾማችንን ጠብቀን፣ እግዜርን ደስ አሰኝተን፣ ለአንዲት ለሞት ለተቃረበች ግልገል የአሞሌ ውኃ አጠጣናት።

ውኃ በጥጥ እያንጠባጠብኩ አፏን አጠብኩላት። ትተነፍሳለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የላትም። ማታ ሊሆን ነው። ጎረቤቴ የቀረውን ግማሽ ሥጋ አምጥታ ሌላ ውኃ ጣደች። በዚህኛው ተጠንቅቀናል፤ የጨውን ዕቃ ከአጠገባችን አርቀን፣ እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን ተቀምጠን እንደ ጠላት ጦር ስንጠባበቅ ቆየን። መረቁ ወረደ። ጥጡን ላጠቅስ ስል ጎረቤቴ እጄን ያዘችኝ።

"ድስቱን የቅድሙን ሳላጥብ ነው መሰለኝ የጣድኩት።"

"አጥበሻል። ሳታጥቢ ነው?"

"ወላሂ አላስታውስም። አጥቤም ሊሆን ይችላል። ጨው እንደሆነ እጄ ለምዶታል፣ እኔን አያማክረኝም።"

ሥጋው አልቋል። ሦስተኛ መረቅ የለም። ይኼኛው ጨው ካለበት ደግሞ ድመቷ ሁለተኛ አትችለውም።

"ቅመሺው እንግዲህ" አልኳት።

"ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ምራቄን አላምነውም። ትንሽ ታገሺኝ፣ ጀምበር ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊል ነው።"

ወደ ካርቶኑ አየሁ። የሆዷ ከፍ ዝቅ ማለት እየራቀ ነው። መግሪብን የምትጠብቅ አትመስልም። እኔ በሕይወቴ የእስላም ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ በሁዳዴ ደግሞ የዶሮ ሥዕል ያለበት የማጊ ወረቀት እንኳ ከቤቴ አውጥቼ የምጥል ሴት ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሌሎችን "ዘይቱ እርግጠኛ ነሽ የጾም ነው?" እያልኩ የማስጨንቅ እኔ ነኝ።

ማንኪያውን አነሳሁ።

ጎረቤቴ ምን ላደርግ እንደሆነ ሲገባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "አላየሁም" አለች።

ቀመስኩ። እተፋለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ ልማድ ሆኖብኝ ውጬዋለሁ።

"እህስ?" አለችኝ ግድግዳውን እያየች።

"ጨው ያንሰዋል" አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

በሳቅ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ። ሞት በካርቶን ውስጥ ተኝታ እኛ እንስቃለን።

ጨው ያንሰዋል ማለት ደህና ነው ማለት ነው። ጥጡን ትቼ በጣቴ ጫፍ ጠብ አደረግሁላት። የመጀመሪያው በአገጯ ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። ሦስተኛው የት እንደገባ አላየሁም፤ ጉሮሮዋ ግን ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰጠኋት፣ አረፍኩ፣ ሰጠኋት። ዓይኗን በፈላው ውኃ አርሼ ስጠርገው አንደኛው በስንጥቅ ያህል ተከፈተ። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ባታይ ይሻላት ነበር መሰለኝ፣ ጆሮዋን አጠፈችብኝ።

አዛን አለ። ጎረቤቴ ቴምሯን ጎርሳ፣ ውኃዋን ጠጥታ ሳህኗን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች፤ ብቻዬን ልትተወኝ አልፈለገችም። ጎኔ ተቀመጠች። ከሾርባዋ ውስጥ የሥጋ ቁራጭ አውጥታ፣ በውኃ አጥባ፣ በካርቶኑ ጠርዝ አስቀመጠች። "ካልበላችው አነሳዋለሁ" አለች።

ግልገሏ አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች። በሆዷ ተሳበች፣ ቆመች፣ ወደቀች፣ እንደገና ተሳበች። ሥጋው ላይ ስትደርስ በመጀመሪያ አሸተተችው። ከዚያ በራሷ ጥርስ ያዘችው።

"በላች" አለች ጎረቤቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"በራሷ" አልኩ እኔ።

ደስታው ልቤን ስላጠፋው ደህና እንድትጎርሰው ልገፋላት ጣቴን አስጠጋሁ። ያቺ እስከ ቅድም አንገቷን ማንሳት ያቃታት ፍጡር ጀርባዋን ነፋች፣ በአንዱ ዓይኗ አፈጠጠችብኝ፣ ሥጋዋን ሳትለቅ በአፍንጫዋ ፉ አለችብኝ።

"እዪ፣ ልትቀሚያት የመጣሽ መሰላት" አለች ጎረቤቴ።

"እኔ ጿሚ ነኝ" አልኳት ድመቷን። አላመነችኝም። ጎረቤቴም እንደ ቅድሙ ዘወር ብላ ሌላ ቁራጭ ታጥብላት ነበር።